ደወል የሌለው ማጉረምረም

በብራከንሾ መንደር ባሮ ሽንኩርት የሚተከለው ለመበላት አይደለም። የሚበላው የተሸነፈው ነው። አንገቱ እንደ ሰው ክንድ የወፈረው፣ ደህናው፣ በመስከረም መጨረሻ በለስላሳ ስፖንጅ ይታጠባል፤ ሥሩ እንደ ጢም ይበጠራል፤ ከዚያም በሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይጋደማል። ሰውም ሕፃን ሊጠይቅ እንደመጣ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዙሪያውን ይዞራል።

ራልፍ ሃርቦትል ለዚህ ነገር ከመንደሩ ሁሉ የባሰ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ባሮ ሽንኩርት ብቻ ሆነ። ሌሊት ብርድ ሲበረታ ከአልጋው ተነስቶ አትክልት ቦታው ድረስ ሄዶ ያለብሰዋል። ሚስቱ ቤረል፣ ለእሷ ያልተገዛ ብርድ ልብስ ለሽንኩርት እንደተገዛ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ታወራለች፤ ስታወራም ትስቃለች።

ክበቡ አንድ የቆየ ልማድ አለው። ውጤት ከተነገረ በኋላ የተሸነፉት የውድድሩን ዳኛ መሐል ወንበር ላይ ያስቀምጡና የልባቸውን ይናገራሉ። ዓይንሽ ፈዟል፣ ሜትርሽ ተጣሟል፣ እናትሽም ሽንኩርት አታውቅም ነበር ይባላል። ዳኛዋም ዝም አትልም፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ትመልሳለች፤ አዳራሹ በሳቅ ይናወጣል። ይህን «ማጉረምረሚያ» ይሉታል። የክበቡ መጠጥ ቤት መዝጊያ ደወል ሲደወል ማጉረምረሚያው ያልቃል። ሁሉም ተራ በተራ የዳኛዋን እጅ ጨብጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በማግስቱ ያንን ነገር መልሶ ያነሳ ሰው ባለጌ ነው።

ለብዙ ዓመታት ዳኛዋ ሞይራ ቴምፕል ነበረች። የሴቶች ጸጉር ቤት አላት፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትሄደው። ቀጭንና ቁጥብ ሴት ናት፤ የማጉረምረሚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ግን ማንም አይችላትም። አንድ ጊዜ ራልፍን፣ «ሽንኩርትህ አንተ የምታወራውን ያህል ቢያድግ አንደኛ ትወጣ ነበር» ብላው፣ ራልፍ ራሱ ከሁሉ በላይ ስቆ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን አልሳቀም። ያቀረባቸው ሦስት ሽንኩርቶች በሕይወቱ ካበቀላቸው ሁሉ ይበልጡ ነበር። ሞይራ መነጽሯን አድርጋ፣ አንዱን አገላብጣ አይታ፣ ከቅጠሉ ሥር የጸጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አለው አለች። በደንቡ አንዱ ከተሰነጠቀ ሦስቱም ይወድቃሉ። ራልፍ መብራት ሥር ይዞ አየው፤ ስንጥቅ አላየም። ሽንኩርቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ማጉረምረሚያው ሳይጀመር፣ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ጥፋቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ክበብ ውስጥ ተናግሮት፣ ተመልሶለት፣ ተስቆበት ማለቅ የነበረበትን ንዴት ይዞት ቤት ገባ። ቤት ደግሞ ስልክ ነበር።

ሻይ እስኪፈላ ድረስ፣ «ሞይራ ቴምፕል ጉቦ ትበላለች» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ጻፈ። ጉቦ ስትበላ አላየም። በላች ያለውም ሰው የለም። ነገር ግን ሻዩን ቀድቶ ሲመለስ አርባ ሰው የሳቅ ምልክት ነክቶለታል። ክበብ ውስጥ ያን ያህል ሰው ባንድ ጊዜ ስቆለት አያውቅም። ስለዚህ ሌላ ጨመረ። በማግስቱም ሌላ። በሳምንቱ «የብራከንሾ እውነት» የሚባል ገጽ ከፈተ።

ወደ ገጹ የገቡት ሰዎች አብዛኞቹ ባሮ ሽንኩርት ከአጃ የማይለዩ ነበሩ። ከሩቅ ከተማ፣ አንዳንዶቹም ከባሕር ማዶ ናቸው። ቁጣ ፈልገው ነው የመጡት፤ አገኙ። የሞይራን ጸጉር ቤት ስም ፈልገው አወጡና እዚያ ገብታ የማታውቅ ሴት ሁሉ «ጸጉሬን አቃጠለችው» ብላ ጻፈች። አንዱ የቤቷን አድራሻ ለጠፈ። ሌላው ብቻዋን እንደምትኖር ጨመረበት። አንድ ጠዋት በሯን ስትከፍት ደጃፏ ላይ የበሰበሰ ሽንኩርት ክምር ተደፍቶ አገኘች። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። በመጨረሻ ሱቋን ዘግታ ወደ እህቷ ቤት፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች።

ቤረል ይህን በሰማች ቀን ባሏን ወጥ ቤት ውስጥ አገኘችው።

«ይህን ገጽ ዝጋው» አለችው።

«እኔ ደጇ ላይ ምን ደፋሁ?»

«መንገዱን ማን አሳያቸው?»

«ሰው የመሰለውን የመናገር መብት የለውም እንዴ?»

«ይኑረው። አንተ ግን የመሰለህን አይደለም የተናገርከው። ጉቦ በላች ብለህ ታምናለህ? እስቲ ዓይኔን እያየህ በለው።»

ራልፍ ዓይኗን አላየም። ችግኞቹን ሊያይ ወጣ።

ሞይራ መጀመሪያ በጠበቃዋ ደብዳቤ እንዲተዋት ጠየቀችው፤ እሱ ግን ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ ገጹ ላይ ለጠፈው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። ራልፍ በቀጠሮው ቀን ችግኝ የማሳድግበትን የመስታወት ቤት አጸዳለሁ ብሎ ቀረ። ፍርድ ቤቱ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ፤ አንድ ሰውም ደጅ ድረስ መጥቶ በእጁ ሰጠው። ቤረል ጮክ ብላ አነበበችለት፤ ስለ ሞይራ ቴምፕል በኢንተርኔት ምንም ነገር እንዳይጽፍ፣ ሌላ ሰው እንዲጽፍ እንዳያደርግ፣ በማንኛውም መንገድ እንዳያገኛት ይላል። ትእዛዙን ከጣሰ ፍርድ ቤትን በመድፈር ሊታሰር እንደሚችል ከላይ በወፍራም ፊደል ተጽፏል።

«ለሽንኩርት ብሎ የታሰረ ሰው የለም» አለ ራልፍ።

ያም ሆኖ የብርዱን ወራት ሙሉ ዝም አለ። ገጹን አልዘጋውም፤ ግን አልጻፈበትም። ምናልባት በዚያው ይቀር ነበር፤ የካቲት ላይ የክበቡ ጉባኤ ሞይራን ለሚቀጥለው ውድድር ዳኛ አድርጎ ባይመርጣት ኖሮ። ራልፍ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ክበቡ ለአባላቱ ብቻ የተከፈተ ግሩፕ አለው። እዚያ ገብቶ፣ «ጉቦኛዋን ከእህቷ ጓዳ ጎትታችሁ ልታመጡ ነው? የተሸሸገችው እውነቱን ስለፈራች ነው» ብሎ ጻፈ። በሐሳቡ ሕግ አልጣሰም። ግሩፑ የክበቡ ነው፤ ክበብ ውስጥ ደግሞ ማጉረምረም የአባል መብት ነው። የብራከንሾ ሰው ያልሆነ እንዲህ ብሎ ሊያስብ አይችልም፤ የብራከንሾ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ተሳሳተ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንዱ አባል ጽሑፉን ቀድቶ «የብራከንሾ እውነት» ላይ አወጣው። ሞይራ በእህቷ ወጥ ቤት ሆና አነበበችው፤ ለጠበቃዋም ላከችው።

ፍርድ ቤት በቀረበ ቀን ራልፍ የሠርግ ሱፉን ለብሶ ነበር። ዳኛው ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ጠበቃው ይቅርታ ቢጠይቅ እንደሚሻል አስቀድሞ መክሮታል፤ ራልፍ ግን ልማዱን ማስረዳት ፈለገ። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ስድቡና ስለ እጅ መጨባበጡ በዝርዝር ተናገረ። ዳኛው እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ፈገግ ያሉም ይመስል ነበር።

«ጥሩ ልማድ ነው» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት፣ አቶ ሃርቦትል። ክበብ ውስጥ ወይዘሮ ቴምፕል ወንበሩ ላይ ሆና ትመልስልዎታለች፤ ደወል ሲደወልም ያበቃል። እርስዎ በጻፉበት ቦታ ደወሉን የሚደውለው ማን ነው?»

ራልፍ ጠበቃውን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«ታዲያ ይቅርታ ይጠይቃሉ?»

«ክቡር ዳኛ፣ ሽንኩርቱ አልተሰነጠቀም።»

«ስለ ሽንኩርቱ አልጠየቅንዎትም። እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ አልተሰነጠቀም ብለው ማመን ይችላሉ፤ ይህ ፍርድ ቤት ከዚህ እምነትዎ ጋር ጠብ የለውም። ተዉ ተብለው ታዘዙ፤ አልተዉም። ጉዳዩ ይህ ብቻ ነው።»

ስድስት ሳምንት እስራት ፈረዱበት። ራልፍ ጆሮውን ማመን አቃተው። ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ችግኞቹስ?» አለ።

«ችግኞቹን እኔ አጠጣለሁ» አለች ቤረል። «አንተ ሂድ።»

እስር ቤት ውስጥ አብሮት እንዲያድር የተመደበው ዴዝ የሚባል፣ በር የሚሞላ ወጣት ነው። ቤት ሰብሮ በመስረቅ የገባ ነው። ራልፍ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ማለቱን አይቶ ሻይ ሰጠውና ምን አድርጎ እንደመጣ ጠየቀው። ሲነግረው አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «አጎቴ ሽንኩርት» ሆነ፤ ጠባቂዎቹም ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሩት ጀመር። እሱም ቀስ በቀስ ለመደው። ስለ አፈር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ትል ሲያወራ ዴዝ የልጅነት ተረት እንደሚሰማ ሰው ተጋድሞ ያዳምጠዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዴዝ ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣውን ጽሑፍ እንዲነግረው ጠየቀው። ራልፍ ብዙውን በቃሉ ያውቀዋል። እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ያወርድለት ጀመር። ዴዝ በመጀመሪያው ሳቀ፤ በሁለተኛውም ሳቀ። ራልፍ ወደ አድራሻው ነገር ሲደርስ ግን ሳቁን አቆመና ተነስቶ ተቀመጠ።

«ቆይ። ብቻዋን ነው የምትኖረው?»

«አዎ።»

«ይህን ለማታውቃቸው ሰዎች ነገርካቸው?»

«እኔ አይደለሁም። አንድ ሌላ ሰው ነው የጻፈው።»

«ያንተ ገጽ ላይ?»

«አዎ፣ ገጹ የኔ ነው።»

«ታዲያ አጠፋኸው?»

ራልፍ ብርድ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረ።

«ተመልከት አጎቴ ሽንኩርት» አለ ዴዝ፣ «እኔ ሌባ ነኝ። ስገባ ግን ቤቱ ባዶ መሆኑን አረጋግጬ ነው። ውስጥ ያለ ሰው ቢደነግጥስ ብዬ እፈራለሁ። አንተ ግን ሰው ያለበትን ቤት ነው መርጠህ በሩን ያስከፈትከው።»

ይህን ሲል ቁጣ አልነበረበትም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ራልፍ እራቱን ሳይበላ ያደረው።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ቤረል ልትጠይቀው መጣች። ችግኞቹ ደህና መሆናቸውን፣ ሁለቱ ብቻ እንደጠወለጉ፣ እነሱም ቢሆኑ ድሮም ሰነፎች እንደነበሩ ነገረችው። ከዚያ ስለ ገጹ አነሳች። ራልፍ ከታሰረ ወዲህ ሰዎቹ ብሰዋል፤ «ራልፍ ይፈታ» እያሉ ሞይራ ላይ የማይነበብ ነገር ይጽፋሉ። ቤረል አላስችል ብሏት፣ «እኔ ሚስቱ ነኝ፤ እባካችሁ ተዉ» ብላ ጻፈች። ወዲያው ወደ እሷ ዞሩ። ፎቶዋን አወጡ፤ በመልኳ ቀለዱ፤ ባሏን ያሳሰረችው እሷ ናት አሉ።

«ከሞይራ ጋር ጉቦ ተካፍለሻል ተባልኩ» አለች እየሳቀች። «ድርሻዬን የት እንዳስቀመጥኩት ብትነግረኝ ጥሩ ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል።»

እየሳቀች ነበር፤ ከኋላዋ በር በተከፈተ ቁጥር ግን ዞራ ታያለች። ራልፍ ብዙ ዓመት የኖረው ከዚህች ሴት ጋር ነው። በር ስትፈራ አይቷት አያውቅም።

ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ስልኬን ስጡኝ፣ አሁኑኑ ልዝጋው» አለ። ጠባቂው በትሕትና፣ እዚህ ስልክ እንደማይሰጥ ነግሮ አስቀመጠው። ቤረል እንዳትዘጋው ደግሞ የይለፍ ቃሉ እሱ ስልክ ውስጥ እንጂ ጭንቅላቱ ውስጥ የለም። በገዛ እጁ የከፈተውን ነገር መዝጋት አልቻለም። ሰዎቹ ሚስቱን ሲሰድቡ እሱ ተቀምጦ ማየት እንኳን አይችልም። ሞይራ በዚህ ውስጥ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ከርማለች፤ ያውም «ጣሪያው ያፈሳል» ብላ የምትቀልድለት ሰው ሳይኖራት። ይህን ያሰበው ወደ ክፍሉ ሲመለስ፣ መተላለፊያው ላይ ነው። ጠባቂው አሞት እንደሆነ ጠየቀው። አላመመኝም፣ ጠበቃዬን ጥራልኝ አለ።

ሕጉ ትእዛዝ ደፍሮ የታሰረ ሰው ተመልሶ ቀርቦ ከልቡ ይቅርታ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ራልፍ እዚያው ዳኛ ፊት ቆመ። ሱፉ ትንሽ ሰፍቶታል። ሞይራ በወዲያኛው ጥግ ከእህቷ ጋር ተቀምጣለች፤ ወደ እሷ አላየም።

«ጉቦ ስትበላ አላየሁም» አለ። «ማንም አልነገረኝም። ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ሰው ሲስቅልኝ ደስ አለኝና ቀጠልኩ። ሌሎቹ ሲብሱባት ማቆም ስችል አላቆምኩም። ተው ስባልም አልተውኩም። በጣም አዝናለሁ።»

ዳኛው ቀና ብለው አዩት። «ስለ ሽንኩርቱ የሚጨምሩት የለም?»

«ስለ ሽንኩርቱ አልተጠየቅኩም፣ ክቡር ዳኛ።»

«ልክ ነው» አሉ ዳኛው፤ ብዕራቸውንም አነሱ።

በዚያው ቀን ተፈታ። እግዱ ግን እንደጸና ነው፤ ስለ ሞይራ አይጽፍም፣ አያነጋግራትም። አንድ ነገር ብቻ ተፈቀደለት። የሞይራ ጠበቃ ያየችውን የይቅርታ ቃል ገጹ ላይ አውጥቶ፣ ሳምንት አቆይቶ፣ ገጹን ለዘለዓለም እንዲዘጋ።

እንደተባለውም አደረገ። ስድቡ በነበረበት ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ሰው በሳቀበት ገጽ ላይ ይቅርታውን የወደዱት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። አንዷ ቤረል ናት። አንዷ ደግሞ የዴዝ እናት ሆና ተገኘች። የቀሩት ሰዎች ሌላ ቁጣ ፍለጋ ሄደዋል። ራልፍ ስልኩን ይዞ ብዙ ጠበቀ፤ ከዚያ ጫማውን አጠለቀ።

በየቤቱ ሊዞር ነው። የክበቡን አባላት በር አንድ በአንድ እያንኳኳ፣ ዋሽቼያችሁ ነበር ሊላቸው። አብዛኞቹ በሩ ላይ አፍረው፣ ግባ ሻይ ጠጣ አሉት። የክበቡ ሊቀመንበር ስታን ግን የረጅም ዘመን ወዳጁ ስለሆነ አላፈረም።

«ምን ሆነሃል ራልፍ? ሳቅን፣ አለቀ። እኔ እንደሆንኩ አንድም ቃል አልጻፍኩም። የሳቁን ምልክት በጣቴ ነካሁ፣ ይኸው ነው።»

«ጣትህን አየሁት» አለ ራልፍ። «መጀመሪያ የሳቀልኝ ሰው አንተ ነህ። የቀጠልኩት ለዚያ ነው።»

«እኔን ልትወቅስ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የታሰርኩትም እኔ ነኝ። ግን አንተ ያን ቀን፣ ‹ተው አንተ፣ ና ክበብ ውስጥ ተናገር› ብትለኝ ኖሮ እመጣ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ስታን አሮጌ መኪናውን አስነስቶ ወደ ሞይራ እህት ከተማ ሲነዳ ታየ። ምን ብሏት እንደተመለሰ አልታወቀም።

እኛም፣ አንባቢ ሆይ፣ እንደ ስታን በጣታችን ነክተን አልፈን እናውቅ ይሆናል። ፊት ለፊት የተናገርነው ክፉ ቃል መልስ ያገኛል፤ የሰውየው ፊት ሲለወጥ እናያለን፤ ተጸጽተንም እንመለሳለን። በስልክ የወረወርነው ቃል ግን የወደቀበትን አያሳየንም። እኛ ተኝተን እሱ ይሠራል። ሕግ ተዉ ሲለን አፋችንን ሊዘጋ አይደለም፤ በወዲያኛው በኩል ላለው ሰው የቤቱን በር ሊዘጋለት እንጂ። ትእዛዙን ንቆ እስር ቤት ከመግባት በፊት፣ ከዚያም አስቀድሞ ትእዛዝ ከመምጣቱ በፊት፣ ስልኩን አስቀምጦ ወደ ሰውየው መሄድ ይቻላል። ራልፍ ሃርቦትል በእግሩ መሄድን የተማረው ዘግይቶ ነው።

በግንቦት የሞይራ ጸጉር ቤት ተከፈተ። በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ የቆመችው ቤረል ናት። ጸጉሯን ስትታጠብ፣ ስትቆረጥ፣ ስታስደርቅ ሁለቱም ሴቶች ስለ አየሩና ስለ ሞይራ እህት ድመት ብቻ አወሩ። ቤረል ልትወጣ ስትል ሞይራ መነጽሯን አወለቀች።

«በአትክልት ቦታችሁ በኩል አለፍኩ» አለች። «ለባልሽ ንገሪው። በጣም አጠጋግቶ ነው የተከለው።»

ቤረል ቤት ደርሳ ቃል በቃል ነገረችው። ራልፍ ማንኪያውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ። እሱ ሽንኩርት አጠጋግቶ የሚተክልበት ምክንያት አለው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር የሚተክሉት፤ ይህን አንድ ሰዓት ሙሉ ማስረዳት ይችላል። ነገር ግን መልስ እንዳይሰጣት ፍርድ ቤት አዝዞታል።

ራልፍ ከወንበሩ ተነስቶ የወጥ ቤቱን በር ዘጋ፤ መስኮቱንም ዘጋ። ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ፣ «ተሳስታለች» አለ በሹክሹክታ።

«ሰማሁህ» አለች ቤረል። «ሾርባህን ጠጣ።»

በማግስቱ ማለዳ ከአልጋዋ ስትነሳ ራልፍ ጎኗ አልነበረም። አትክልት ቦታው ድረስ ሄዳ አጥሩ ላይ ተደግፋ አየችው። ተንበርክኮ፣ ሲባጎ ዘርግቶ፣ ችግኞቹን አንድ እያለፈ አንድ እየነቀለ ራቅ አድርጎ ይተክላቸዋል። ያጉረመርማል፤ ለትሎቹ ብቻ።